ሠላሳ ስምንት ቁጥር ጫማ

ጂንካ፣ ኅዳር 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ ልጄ ለኸዲጃ፣ ጅግጅጋ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አንቺ፣ ባልሽ፣ ያቺ ጥርስ ማውጣት ጀመረች ያልሽኝ ልጅሽ፣ ሁላችሁም እንዴት ናችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከተረከዜ በቀር ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ስለ ተረከዜ አዲስ ወሬ ስላለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ሰው አታስጨርሺም፤ ገና «እግሬን» ከማለቴ «ነይ ብዬሽ አልነበር?» ትይኛለሽ። ደብዳቤ ደግሞ መሐሉ አይገባበትም። ይዞልሽ የመጣው በእምነት የሚባለው ጎረቤቴ ነው፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ወደናንተ የሚመጣው ለስብሰባ ነው። ምሳ ሳይበላ እንዳትለቂው።

ቃሌን አልረሳሁም። «እስከ ረመዳን እግሬ ካልተሻለው ሱቁን አስረክቤ እመጣለሁ፣ ካንቺው ጋር እኖራለሁ» ብዬሻለሁ። ባልሽም ክፍሉን ቀለም አስቀብቶ፣ መስኮቱ ሥር ወንበር አስቀምጦ እንደጨረሰ ነግሮኛል። አላህ ይስጠው፣ ልጅ ማለት እሱ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ያ ወንበር በሐሳቤ በመጣ ቁጥር ላብ ላብ ይለኛል። ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ወርጄ ብርድ ልብስና አቡጀዲ ካልሸጥሁ፣ በዋጋ ከሰው ካልተከራከርሁ፣ ሳምንቱ ሳምንት አይመስለኝም። እግሬ ካልቆመልኝ ግን ገበያም የለ፣ ጂንካም የለ። ስለዚህ ዘንድሮ ጫማ ፍለጋ የወጣሁት ለጌጥ አይደለም፤ እዚህ ለመቅረት ነው።

ሕመሙን ታውቂዋለሽ። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያዋን እርምጃ ስረግጥ ተረከዜ ውስጥ ምስማር የተቀበረ ይመስለኛል። ግድግዳ ይዤ ጥቂት ስራመድ ይለቀኛል፤ ገበያ ቆሜ ስውል ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ይህ ከጀመረኝ ወዲህ የሰው ፊት ማየት ትቻለሁ፤ የማየው እግር ነው። ሰላም የሚለኝን ሰው የምለየው በጫማው ሆኗል። የባንኳ ልጅ ታኮ ጫማዋን ጠረጴዛ ሥር አውልቃ በነጠላ ጫማ እንደምትውል ማን ያውቃል? እኔ አውቃለሁ። ዲመካ ደግሞ ሐመሮቹ ከመኪና ጎማ በተሠራ ሰንደል ፍየል እየነዱ ከሩቅ መጥተው ቀኑን ሙሉ ሲቆሙ አየሁና፣ ምስጢሩ እዚያ ነው ብዬ አንዷን ደንበኛዬን «አንቺ እግር አያምሽም?» አልኋት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ያመኛል እንጂ። እግር ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ?» አለችኝ። ብርድ ልብሱንም ዋጋ አስቀንሳኝ ሄደች።

ቢሆንም የጎማ ሰንደሉን ገዛሁ። ጠንካራ ነው፣ እሾህ አያስገባም፤ ማሰሪያው ግን ቁርጭምጭሚቴን ላጠኝ። ነጠላ ጫማ ሞከርሁ፤ ለስላሳ ነው፣ ግን እንደ ቂጣ ይታጠፋል፣ ተረከዜም ባሰበት። ፍራሽ ከሚሰፋው ሰውዬ ስፖንጅ ለምኜ በጫማዬ ቅርጽ ቆርጬ ከተትሁ። ጫማው ድሮም ጠባብ፣ ስፖንጅ ሲጨመርበት ጣቶቼ ተደራርበው ዋሉ፤ ስፖንጁም እስከ ቀትር ተጨፍልቆ ወረቀት አከለ። አንቺ የላክሽልኝን ነጭ ስኒከርም «ልክክ አለልኝ» ያልሁሽ ደስ እንዲልሽ ነው። ሠላሳ ስምንት ግዢልኝ ያልሁሽ እኔ ነኝና በጠበበኝ አንቺን አልወቅስም።

በመጨረሻ ከሱቄ አጠገብ ቅቤ የምትሸጠው ብርነሽ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችኝ። እዚያ የምሥራች የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች። ዕድሜዋ ካንቺ አይበልጥም፣ ቁጣዋም ያንቺው ነው። ከአልጋ ከመውረዴ በፊት በሻሽ ጣቶቼን ወደኔ እንድስብ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ጠርሙስም በውስጥ እግሬ እንዳንከባልል ነገረችኝ። ስለ ጫማ ስጠይቃት ግን ፊቷ ፈታ አለ። አንዱን ጫማዬን አንስታ መሐሉ ላይ ብታጥፈው እጥፍ አለ።

«ይኸው» አለችኝ። «ይህ አይሸከምዎትም። ጫማ ጣቶቹ ጋ ይታጠፍ፣ መሐሉ ላይ ግን እምቢ ይበል። ከኋላ ተረከዝዎን ጠበቅ አድርጎ ይያዝ። ፊት ለፊት ደግሞ የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይትረፍዎት።»

ጫማ የሚገዛውም ከሰዓት በኋላ፣ እግር አበጥ ሲል፣ ቆሞ ተሞክሮ ነው አለች። ይህን ሁሉ ዘመን ነግጄ ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያ «ስንት ቁጥር ነው የሚያደርጉት?» አለችኝ።

«ሠላሳ ስምንት።»

«ማን ነገረዎት?»

ሳቄ መጣ። ሰው ቁጥሩን ማን ይነግረዋል? «ቁጥሬ ነው» አልኋት። ልትለካኝ ወረቀት ስታነጥፍ የቀይ አፈሩ ሚኒባስ ሾፌር ደወለ፤ ቀኑ ሐሙስ ነበርና ጥያት ሮጥሁ፣ ያ ሩጫ ከተባለ። መንገድ ላይ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። በዕድሜዬ እግሬን የተለካሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ሐይቅ ከተማ ሳለሁ፣ አባትሽ ሲያጨኝ። አክስቱ መጥተው ከሻሻቸው ጠርዝ ቀይ ክር መዘዙና ከተረከዜ እስከ አውራ ጣቴ ለክተው፣ ሁለቱንም ጫፍ ለየብቻ ቋጥረው ወሰዱለት። ለሠርጌ የመጣውን ጫማ ያህል ልክ የሆነልኝ ጫማ እስከዚያ ቀን አላገኘሁም።

አሁን ወደ ወሬው ልግባ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልጅ ተወልዶለት ለዐቂቃው ሴቶቹ ሁሉ ተጠርተን ነበር። በሩ ላይ የሴት ጫማ ተከምሯል። ግማሹ ያው አንድ ዓይነት፣ ጥቁር፣ ማሰሪያ የሌለው ነው፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ከአለማየሁ ሱቅ የሚገዛው። ልንወጣ ስንል ዝናቡ ወረደ፣ መብራት ጠፋ፣ ሁሉም እጁ የገባውን አድርጎ ሮጠ። እኔም የኔን አደረግሁና ወጣሁ። ቤቴ ደርሼ በሩን ስከፍት አንድ ነገር የጎደለብኝ መሰለኝ። ምን እንደሆነ ቆሜ አሰብሁ። ለካ ሳላነክስ ነው የመጣሁት።

ዱዓዬ ሰምሮ ነው አልሁ። ጫማው ለቀቅ ስላለኝም ጠርሙሱ እብጠቴን ያጎደለው መስሎኝ የምሥራችን መረቅኋት። ጠዋት ጭቃውን ስጠርግ ነው ውስጡን ያየሁት። አርባ ቁጥር ይላል። የኔ አይደለም።

ደግሞም በሶሉ ላይ ሌላ ሶል ተነጥፎበታል። አውጥቼ በር ላይ ተቀምጬ አገላበጥሁት። ከላይ የለፋ የፍየል ቆዳ ነው። ከሥሩ ፈረንጆች ድንኳን ውስጥ የሚያነጥፉት ዓይነት ሰማያዊ ስስ ፍራሽ አለ። የውስጥ እግር ጎድጓዳ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ተደራርቦ ተሰፍቶ ጉብ ብሏል፤ ተረከዙ ጋ ጎድጎድ ተደርጓል። የሠራው ሰው እግሩን የሚያመው ነው፣ ይህን ወዲያው አወቅሁ። ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ያላወቅሁት ነገር ካለ ደግሞ ምግብ እንደማይበላልኝ ታውቂያለሽ።

የሰው ንብረት አማና፣ አደራ ነው። ቢሆንም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ገበያ ብቻ ብዬ ሐሙስ ቀይ አፈር ሄድሁበት። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሸጥሁ፤ ስመለስም ሚኒባሱ ላይ ቦታዬን ለአንዲት እርጉዝ ለቀቅሁላት። የጫማውን ባለቤት መፈለጉንም አልተውሁም። ዐቂቃው ላይ የነበሩትን ሴቶች በየቤታቸው እየዞርሁ፣ ነገሩን ሳላወጣ «ጫማሽ እንዴት ነው? ይመችሻል?» እላለሁ። አንዷ ጫማ ልሸጥላት የመጣሁ መስሏት ገና ሳልቀመጥ «የለኝም» አለችኝ። ሌላዋ «የሰኢዳ ሕመም ከተረከዟ ወደ ራሷ ወጣ» ብላ አወራች አሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። አንዲት ሴት ቤት ብቻ አልሄድሁም፤ እሷን ማሰብም አላሰብኋት።

ቅዳሜ ዲመካ ስወርድም ያንኑ ጫማ አደረግሁ። ምናልባት የጫማው ባለቤት ታይና ታውቀኛለች ብዬ ነው፤ እንዲያ ነው ለራሴ የነገርሁት። ፀሐዩ ጠንክሮ፣ ገበያው ሞልቶ፣ በጨሌ ሻጮቹ በኩል አንዲት ሴት ስታነክስ አየሁ። አነካከሱን አወቅሁት፣ የኔ ነው። ተረከዝን ላለማስረገጥ በጣት መሄድ፣ ከዚያ ቆም ብሎ ሌላ ነገር የሚያዩ መምሰል። እግሯን ሳይ ጫማዬ ነው። ቀና ብዬ ፊቷን ሳይ ሃዊ ናት።

ስሟን እቤት ውስጥ አንስቼልሽ አላውቅም፣ አንቺም አታነሺም። አባትሽ በላዬ ላይ ካገባት ወዲህ ሰላምታ እንኳ የለንም። በየገበያው እሷ በአንዱ ጫፍ ጨሌዋን፣ እኔ በሌላው ጫፍ ብርድ ልብሴን፣ መሐላችን ፍየልና ከብት። አባትሽ፣ አላህ ይዘንለት፣ በኛ መካከል ፍርድ እንዳያጓድል በጣም ይፈራ ነበር። ለኔ ቀሚስ ሲያመጣ ለሷም ያንኑ፤ ለኔ ድስት ሲገዛ ለሷም ያንኑ። ጫማም ሁለት ጥንድ፣ ያው ጥቁሩ፣ ያው ሠላሳ ስምንት። ከመጀመሪያው ቀን ጠቦኛል፤ ግን አልተነፈስሁም። የሷ ልክ ነው ብዬ ነዋ። «ጠበበኝ» ብል እግሯ ከእግሬ ያማረ ነው ብዬ እንደ መመስከር ሊሆንብኝ። እሱ ካረፈ በኋላም እጄ ለምዶ ያንኑ ቁጥር ያነሳል። እንዲህ እንዲህ ሲል ቁጥሬ ሆኖ ቀረ።

ዞር ብዬ ልሄድ ነበር። ከነገሩ ጦም እደሩ ይባላል። ግን የሰው ጫማ እግሬ ላይ ነው፤ ደግሞ ምን ልደብቅሽ፣ ካላማዳሪውን እንዴት እንደሰፋችው ማወቅ ፈልጌያለሁ። በፍየሎቹ መሐል አቋርጬ እሷ ወደቆመችበት ግራር ሥር ሄድሁ።

«ጫማሽ እኔ ጋ ነው» አልኋት፣ ሰላም ሳልላት።

«አውቃለሁ እትዬ። የርስዎም እኔ ጋ ነው። ከዚያው ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ።»

«ታዲያ አታመጪልኝም?»

«በርዎን ቢዘጉብኝስ?»

«ሌላ ጫማስ የለሽም? በዚህ እግርሽን ስታስበይ የምትውይው?»

«ሞልቶ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ እንደሚመጡ አውቃለሁ። እንዲያዩልኝ ብዬ ነው ያደረግሁት» አለችኝ።

ሳልፈልግ ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች። ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጫማ ተለዋወጥን። ጣቶቿ ተላልጠው ሳይ ግራ ገባኝ።

«ሠላሳ ስምንት ያንቺ ልክ አይደለም እንዴ?»

«የኔ? እኔ አርባ ነኝ። ጋሼ አሕመድ ካረፈ ወዲህ አርባ ነው የምገዛው።»

«በሕይወት ሳለ ለምን አልነገርሽውም?»

«ምን ብዬ? የርስዎ ልክ መሆኑን እያወቅሁ፣ የኔ እግር ትልቅ ነው ልበለው?»

እስቲ ስሚ ልጄ። እኔ የሷ መስሎኝ፣ እሷ የኔ ነው ብላ፣ ሁለታችንም ያን ሁሉ ዓመት ጣታችንን አኮማትረን ኖርን። «የኔ ልክ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አልኋት። ይህን ሳልጠይቅ ብሄድ አልኖርም ነበር።

«በክሩ ነዋ» አለች። ጨሌዋን ከምትይዝበት ከረጢት ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ቀይ ክር ነው፤ ወዙ ለቋል፣ ሁለት ጫፉ ተቋጥሯል። «ጫማ ሊገዛ ሲሄድ ከኮቱ ኪስ አይለየውም። የማን ነው ብዬ ብጠይቀው ‹የሰኢዳ ነው፣ ለሠርጋችን የተለካችበት› አለኝ። ‹አንቺንም ልለካሽ› አላለኝም። ያረፈው በኔ ተራ ስለነበር ኮቱ እኔ ቤት ቀረ። ክሩን ልልክልዎት አስብና በማን እጅ እልካለሁ? ዛሬ ከመጡ ብዬ ይዤው ወጣሁ።»

ደስ አለኝ ኸዲጃ። ውሸት አልነግርሽም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሲለካ የኖረው በኔ ነበር። ቀጥሎ ግን ያቺን ሴት አየኋት፤ ለሷም ባሏ ነበር፣ እግሯን አንድ ቀን ሳይለካላት በኔ ልክ ስትሰቃይ የኖረች፣ ክሩንም በአደራ አስቀምጣ ያመጣችልኝ። አዘንሁላት። እጇን ያዝሁና «ቆዳውን በምንድን ነው ያለፋሽው?» አልኋት።

ቤቴ ገብቼ ክሩን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ቆምሁበት። ተረከዜ አንዱ ቋጠሮ ላይ ሲያርፍ አውራ ጣቴ ሌላውን አልፎ ሄዷል። ወልጄበታለሁ፣ ሸክም ተሸክሜበታለሁ፣ አድጓል። እሱ አላየውም። ለሱ ሐይቅ ያገኛት ሙሽራ ነበርሁ መሰለኝ፣ እስከ መጨረሻው። ተናድጄበታለሁ፤ ደግሞ ናፈቀኝ።

ሰኞ ሃዊን አስከትዬ የምሥራች ዘንድ ተመለስሁ። ወረቀት ላይ አቁማ ለካችን። ሁለታችንም አርባ። ሶሉን አገላብጣ አየችና «ደህና ነው፤ ጉብታው ግን ዝቅ ይበል፣ ተረከዙም ጋ ይለስልስ» አለች። ሃዊ ትንሽ ከፋት፣ ሆኖም አስተካከለችው፤ ለኔም ሌላ ሠራችልኝ። ከሰዓት በኋላ አለማየሁ ሱቅ ሄደን፣ ቆመን እየሞከርን፣ ጫማውን ሁሉ መሐሉ ላይ እያጠፍን አስመረርነው። «አሁንም ሁለት አንድ ዓይነት ላውጣ?» አለን። አይሆንም አልነው። እኔ ቡኒ፣ እሷ ጥቁር ወሰድን።

ሁሉም ተሻለኝ ብዬ አላታልልሽም። ጠዋት ጠዋት አሁንም ግድግዳውን እነካለሁ፤ መደገፉን ግን ትቻለሁ። ስለዚህ ቃሌን እንዲህ አድርጌ እጠብቃለሁ፦ ረመዳንን አንቺ ዘንድ እጾማለሁ፣ ዒድ ሲያልፍ ተመልሼ እመጣለሁ። ሱቁን እስከዚያ ሃዊ ታይልኛለች። ወንበሩ ይቀመጥ፣ አንድ ወር እቀመጥበታለሁ። አትቆጪኝ።

አሁን የኔን ተዪና ያንቺን ንገሪኝ። «ቀኑን ሙሉ ተማሪ ፊት ቆማ ውላ ስትመጣ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክራለች» ብሎ ባልሽ ነግሮኛል። ለምን ደበቅሽኝ? ስንት ቁጥር ነው የምታደርጊው? ሠላሳ ስምንት እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ያንን ሳስይዝሽ የኖርሁት እኔው ነኝ። ማን ነገረሽ? ከሥራ ስትመለሺ፣ ሳትቀመጪ፣ ወረቀት ላይ ቁሚና ባልሽ ሁለቱንም እግርሽን በእርሳስ ዙሪያውን ይሳልልሽ። ወረቀቱን ለበእምነት ስጪው። የፍየሉን ቆዳ መርጫለሁ። ፍራሹን ደግሞ የሃዊ ልጅ ሁዘይፋ ነው የሚያመጣው፤ ቱሪስት ስለሚያስጎበኝ የተቀደደውን ይሰጡታል። ወንድምሽ ቁርጥ አባትሽን ሆኗል፤ አይተሽው ስለማታውቂ ነው የምነግርሽ። ሃዊ «ኸዲጃ የኔን እጅ ሥራ እሺ ትላለች?» ብላ ጠይቃኛለች። «እግሯን ካመማት እሺ ትላለች» አልኋት።

አላህ ቤታችሁን በሰላም ይሙላው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ፣ በደህና ያገናኘን። ያቺ ትንሿ ቆማ መሄድ ስትጀምር እግሯን በክር ለኪላት፤ በየዓመቱም ክሩን እየጣልሽ በአዲስ ለኪያት። የኔን ክር ግን ስመጣ አሳይሻለሁ እንጂ አልሰጥሽም።

እናትሽ ሰኢዳ፣
አርባ ቁጥር